የባንክን ቋንቋ ስለ መማር

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር በምትገኘው በመርሳ ከተማ ገበሬውም ነጋዴውም ዛሬ ወደ ባንክ ደጅ መግባትን ለምዷል። ከመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ነገር ግን የብድሩ መዝገብና ከበላይ የሚወርደው መመሪያ በብዛት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወጣት በሁለት ቋንቋ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ እርሱ ቢሳሳት የሚጎዳው ቤቱን መያዣ አድርጎ የፈረመው ሰው ነው።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ባንክ ሲያስከፍቱ ሥራው ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ ስለነበረ፥ የመሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ከጀመረ በኋላም እንግሊዝኛ ከመዝገቡ አልወጣም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሒሳብ ሪፖርት አዋጅ ሒሳብ በዓለም አቀፍ ደንብ እንዲቀርብ አዘዘ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ አገር ባንኮች በር ከፈተ። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ጋር ያለው ጉዳይ እየበዛ እንጂ እያነሰ የሚሄድ አይመስልም፤ መማሩም ግዴታ ነው።

ጥያቄው እንዴት ይማሩት የሚለው ነው። ቃሉን ያወቀ ሁሉ ነገሩን ያወቀ ይመስለዋልና። አንድ የመርሳ ነጋዴ ለከብት ማድለቢያ 100,000 ብር በመቶ 15 ወለድ ለ12 ወር ተበደረ እንበል፤ ዋናውንም ገንዘብ በየወሩ እኩል አድርጎ ይመልሳል። ወለዱ ሁልጊዜ በመነሻው ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ከሆነ፥ ይኸውም ፍላት ሬት የሚሉት ነው፥ በዓመቱ 15,000 ብር ይከፍላል። በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን፥ ይኸውም ዲክላይኒንግ ባላንስ የሚሉት ነው፥ ወለዱ 8,125 ብር ይሆናል። በሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው በመቶ 15 ነው። ልዩነቱ 6,875 ብር ነው፤ ይህም ሁሉ የተሰወረው ጸሐፊው ሳይፈታ ባለፋቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ነው።

ግሬስ ፒሪየድ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ግሬስ በቁሙ ጸጋ ማለት ነው፤ በባንክ አማርኛ የእፎይታ ጊዜ ይባላል። ተበዳሪው ይህን ሲሰማ ዕዳው የተኛለት ይመስለዋል። በብዙ ውል ግን የሚታገሠው ክፍያው ብቻ ነው፤ ወለዱ ሌሊትና ቀን ይቆጠራል።

ክሬዲት የሚለው ቃል ሥሩ በላቲን አመነ ማለት ነው፤ የምዕራብ ክርስቲያኖች ጸሎተ ሃይማኖትን ክሬዶ የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው በመግለጫው ላይ ክሬዲት የሚል ቢያይ ተበድሬአለሁን ብሎ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ባለዕዳው ባንኩ ነው፤ ገንዘቡን ከደንበኛው ተቀብሎ ይዟልና። ኢኩዊቲ በሕግ ሰዎች ዘንድ ርትዕ ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ግን ዕዳ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው ነው። ኢንተረስትም አንድ ጊዜ ወለድ፥ አንድ ጊዜ ድርሻ ይሆናል። (ወለድ የሚለው አማርኛ ራሱ ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል ከማለት የመጣ ነው፤ የጥንት ጽርዓውያንም ለልጅና ለወለድ ቶኮስ የሚል አንድ ቃል ነበራቸው።) በሀብሩ ወረዳ ደግሞ ወለድን የማይቀበል ሙስሊም ደንበኛ ብዙ ነው። ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ተፈቅዷል፤ በሙራባሃ ውል ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው ይሸጥለታል። ይህን ትርፍ በልማድ ኢንተረስት ብሎ የሚጠራ ጸሐፊ የደንበኛውን ሕሊና ያቆስላል።

ለዚህ የሚሆነው የትምህርት ሥርዓት ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በዚያው በሰሜን ወሎ፥ በቅኔዋ በታወቀችው በዋድላ፥ ተማሪ ግስ የሚያጠናው ግእዙን ለብቻው ሸምድዶ አይደለም፤ ቀደሰ ባለ ጊዜ አመሰገነ ብሎ ይፈታዋል፤ ቀጥሎም ያረባዋል፤ ከዚያም በገዛ ቅኔው ውስጥ አግብቶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገረዋል፤ ቢሳሳት ይታረማል። የባንክ ጸሐፊም እንዲሁ እንግሊዝኛውን ከአማርኛው ፍች ጋር በደብተሩ ይጻፍ፤ ለደንበኛ የሚነገርበትንም ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት። ከሥራ በኋላም ሁለት ሁለት ሆነው፥ አንዱ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ መርማሪ፥ አንዱ የቅርንጫፉ ጸሐፊ ሆኖ፥ ኦቨርዲው ስላለ ብድርና ስለ ኮላተራል ይነጋገሩ። የአነጋገሩ ዜማ እንደ ፈረንጅ ባይሆን ነውር የለበትም። ነውሩ በስብሰባ ላይ ያልገባውን ቃል እንደገባው ሆኖ ራስን መነቅነቅ ነው፤ ይህም በታናናሾቹ ብቻ የሚታይ አይደለም።

በዩኒቨርሲቲ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ተምሮ የሚወጣው ወጣት በወረቀት ላይ ማስላቱን ያውቃል፤ ነገር ግን የተማረውን ለአንድ ገበሬ በአማርኛ እንዲያስረዳ ማንም አልፈተነውም። ፈተናው በዚህ ቢጨመር ለመምህራኑ የሚከብድ አይሆንም።

የቅርንጫፍ አለቆችም ይህን ሊያዙ ይችላሉ። ከፊርማ በፊት ጸሐፊው ወለዱ በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚታሰብ፥ በእፎይታው ወራት ይቆጠር እንደሆነ፥ ክፍያ ቢቋረጥም መያዣው በምን ያህል ጊዜና በምን ሥርዓት እንደሚሸጥ በአማርኛ ይናገር፤ ተበዳሪውም የሰማውን በራሱ አፍ ደግሞ ከተናገረ በኋላ ይፈርም።