«ገና ይጠርጋል» አትበሉኝ

ሃይሉክሱ ላይ የሚያብለጨልጭ ፓራውልት አስገጥመሃል፣ ስፒከር ቀይረሃል። የዝናብ መጥረጊያው ግን ያው የዛሬ ሦስት ክረምቱ ነው! ስትጠየቅ «ኧረ ገና ይጠርጋል» ትላለህ።

አይጠርግም ወንድሜ። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው የከረመ ላስቲክ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። አንተ ይህን የምታውቀው ሐምሌ ላይ፣ ጣርማ በር ጉም ውስጥ፣ ከፊትህ ያለው አይሱዙ ጭቃ ሲረጭብህ ነው። ጋቢና ውስጥ ደግሞ ልጆችህ አሉ።

መስታወቱ ላይ መስመር ከተወ፣ ከጮኸ ወይም ከዘለለ አልቆለታል። ስትገዙ ሁለቱንም ለየብቻ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ የሹፌሩ በኩል ይረዝማል። ስትቀይሩ ክንዱን ባዶውን መስታወት ላይ አትልቀቁት፣ ይሰነጥቀዋል። «ቤንዚን ንካው፣ ይለሰልሳል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ቤንዚን ላስቲክ ያበላሻል፣ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። አቧራ የያዘ መስታወት በደረቁ አታስጠርጉ፣ መጀመሪያ ውሃ እርጩ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስለ ፍሬን ስንት ክፍለ ጊዜ አወራን! ያላያችሁትን ነገር ግን ፍሬን አያስጥላችሁም።

ያላችሁበት መኪና ጋ ውጡና አሁኑኑ ላስቲኩን በጣታችሁ ዳስሱት። ለዚያ «ገና ይጠርጋል» ባይ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።