ሂሳቡ ከተኛ ማን ቀነሰው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባችን ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ ሳለ፣ ከፊቱ የነበሩ እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በመስኮቱ አሾለኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ፣ «እማማ፣ ሂሳብዎ ብዙ ጊዜ ስላልተንቀሳቀሰ ተኝቷል፤ ለማንቀሳቀስ መታወቂያና ማመልከቻ ያስፈልጋል» አለቻቸው። ስንት እንዳላቸው ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ካስቀመጡት ያንሳል። «ልጄ፣ ከተኛ ታዲያ ማን ቀነሰው?» አሉ።

ወረፋው ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ መልሱንም መስጠት ያለባት የመስኮቷ ልጅ ሳትሆን ብሔራዊ ባንክ ነው።

እንደ እኚያ እናት ሂሳቡ የተኛበት ሰው ባንክ የገባው ተጠርቶ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ ከፍራሽ ሥርም ከሣጥንም ያለው ገንዘብ ወደ ባንክ ይግባ ተባለ፤ ገባም። ብዙዎች የመጀመሪያ ሂሳባቸውን የከፈቱት ያኔ ነው። የባንክ ሠራተኞችም «ሂሳብ ክፈቱ» እያሉ ገበያ ለገበያ፣ ግቢ ለግቢ ሲዞሩ ያላየ የለም። መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ባንክ በለወጠ ቁጥር አዲስ ደብተር የጨመረ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የከፈተውን የረሳ አለ፤ ዓረብ አገር ከመሄዷ በፊት ከፍታ የተወችም አለች። ከ30 በላይ ባንክ ባለበት አገር የተኛ ሂሳብ መብዛቱ ምን ይገርማል?

እስኪ እናስላው። 500 ብር ተቀምጧል እንበል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ባለው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ሲታሰብ በዓመት 35 ብር ይወልዳል። ከወለዱ 5 በመቶ ግብር ሲነሳ 33 ብር ከ25 ሳንቲም ይቀራል። ባንኩ ለአጭር መልዕክት በወር 5 ብር ብቻ ቢቆርጥ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት በዓመት 69 ብር ነው። የካርድ ዓመታዊ ክፍያ ካለ እሱ ሌላ። ቆጣቢዋ አምስት ሳንቲም ሳታወጣ ከዋናው ገንዘብ ከ35 ብር በላይ ጎደለባት፤ የኑሮ ውድነቱ የበላውን ሳንቆጥር። ቁጠባ የተሰበከልን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባለ ነበር። እንቁላሉስ ሄዷል፤ የሄደው ግን ወደ ባንኩ ነው።

መልዕክቱስ ለማን ይደርሳል? ስልኩ ከጠፋ፣ ሲም ካርዱም ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ቢደርስ እንኳ የሚያበስረው ለመልዕክቱ ገንዘብ መቆረጡን ነው።

ባንኮች ሂሳብ መያዝ ወጪ አለው ይላሉ። አንክድም። ነገር ግን ገንዘቡ ለባለቤቱ ተኛ እንጂ ለባንኩ አልተኛም፤ ለተበዳሪ የሚሰጠው ለቆጣቢው ከሚታሰበው ወለድ በእጅጉ በሚበልጥ ወለድ ነው። የማስቀመጫ ወጪው ከዚያ መሸፈን ያቅተዋል ብሎ የሚያሳምነን የለም። ለተሰጠ አገልግሎት ማስከፈል ያባት ነው። ላልተሰጠ አገልግሎት ማስከፈል ግን ባለቤቱ በሌለበት ኪስ መግባት ነው።

ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው። ይህን ቆረጣ በስሙ ጠርቶ ሊከለክለው ይገባል። ሂሳቡ ተኝቷል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ወርኃዊውም ዓመታዊውም ክፍያ ይቁም። የመልዕክትና የካርድ አገልግሎት ደንበኛው ፈርሞ ሲጠይቅ እንጂ ከቅጹ ጋር ተጠቅልሎ አይሰጥ። ሂሳብ መዝጋትም በነጻ ይሁን፤ ለመውጫ በር ማስከፈል ነውር ነው።

እስከዚያው አንባቢ ያረጀ ደብተሩን ይዞ ቅርንጫፉ ብቅ ይበል። የተቆረጠበትን ዝርዝር በወረቀት ይጠይቅ፤ የማይፈልገውን ያሰርዝ፤ የማይጠቀምበትን ሂሳብ ይዝጋ።

እኚያ እናት ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የቀበሌ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበት ነበር።