የባሕር ዛፍ ምክር አፈሩን ይለይ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የደጋው አርሶ አደር ባለውለታ ሆኗል። በኮንና በአካባቢዋ ባለው የዋድላ ደጋም ቤት የሚሠራበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ሲቸግርም ተሸጦ ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛበት ሀብት ነው። በዚያው ልክ ድንበር ላይ ሲተከል ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። አንዱ “ዛፍህ ማሳዬን መረዘው” ሲል፣ ሌላው “አፈርህ ስለደከመ ነው” ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል የሌላውን ተክል ብቅለትና ዕድገት የሚገቱ ንጥረ ነገሮች አሉት። ዝናብ ከቅጠሉ ያጥባቸዋል፤ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስም ወደ አፈር ይገባሉ። ልሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚኬልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ የሦስት ዓይነት ባሕር ዛፎችና የፈረንጅ ጽድ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን ውኃ በጤፍ፣ በሽምብራ፣ በአተርና በበቆሎ ላይ ሞክረው ነበር። ውኃው የአብዛኞቹን ሰብሎች ብቅለትና የሥር ዕድገት ቀንሷል።

ይሁን እንጂ ቤተ ሙከራ ማሳ አይደለም። በማሳ ላይ በንጥረ ነገሩና በሰብሉ ሥር መካከል አፈር አለ፤ አፈርም ሁሉ አንድ አይደለም። አሸዋማና ጭንጫ መሬት ንጥረ ነገሩን ይዞ የማቆየት አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ ከውኃው ጋር ፈጥኖ ሥር ይደርሳል፤ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ ታጥቦ ይወርዳል። ዋልካ ግን ብዙውን አጣብቆ ይይዘዋል፤ የተያዘው ደግሞ ሰብሉን ወዲያው አይጎዳም። ኮምፖስት የለመደ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት እየበሉ ያጠፉታል። ዋልካው ውኃ ሲተኛበት ግን አየር ያጥረዋል፤ የሕዋሳቱም ሥራ ይዘገያል። የደጋው ብርድም ብስባሴውን ያጓትታል።

ጉዳቱን ሁሉ በንጥረ ነገሩ ማሳበብም ልክ አይደለም። ዛፉ ውኃ፣ ምግብና ብርሃን ይሻማል። በጊንጪ ዋልካ መሬት ላይ በተደረገ ጥናት የጤፍና የስንዴ ምርት ከዛፉ መስመር እስከ 12 ሜትር ድረስ ቀንሶ ታይቷል። ያው ጥናት ከእንጨቱ የሚገኘው ገቢ የምርቱን ኪሳራ እንደሚያካክስ አመልክቷል። ድንበር ላይ ግን ገቢው የተካዩ፣ ኪሳራው የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። የፍትሕ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

የትግራይ ክልል እ.ኤ.አ. በ1997 ባሕር ዛፍ በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ከልክሎ ነበር። ለሁሉም መሬት አንድ ክልከላ ማውጣት ለአስተዳደር ይቀላል፤ ሆኖም ሰብል በማያበቅል ጭንጫ ላይ የሚተክለውንና በለማ ዋልካ ዳር የሚተክለውን አርሶ አደር በአንድ ዓይን ያያል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ምክራቸውን በአፈር ዓይነት ሊለዩ ይገባል። ፍተሻው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቀበሌው ባለሙያ ከዛፉ ሥርና ከዚያው ማሳ ራቅ ካለ ቦታ አፈር ወስዶ በሁለት ዕቃ ያድርግ። በእያንዳንዱ 50 የምስር ወይም የገብስ ፍሬ ይዝራ፤ እኩል ውኃ እያጠጣ የበቀለውን ይቁጠር። በዕቃው ውስጥ የዛፉ ጥላም ሆነ የሚሻማ ሥር ስለሌለ፣ የሚታየው ልዩነት ከአፈሩ የመጣ ነው። ልዩነት ካልታየና ማሳው ግን ከደከመ፣ ተጠርጣሪው የውኃና የብርሃን ሽሚያ ነው።

አርሶ አደሩም የረገፈውን ቅጠል ከማሳው ይጥረግ፤ በዛፉና በሰብሉ መካከል ቦይ ቆፍሮ ሥሩን ይግታ። ዛፍ የተነቀለበትን መሬት ከማረሱ በፊት ኮምፖስት ያልብስ፤ ዘሩንም አስቀድሞ በዕቃ ይፈትን። አዲስ የሚተክል ሰው ለሰብል የማይሆነውን ጭንጫና የቦረቦር ዳር ይምረጥ። በዋልካ ማሳ ድንበር ላይ ግን የጊንጪው 12 ሜትር ለጎረቤታሞች ንግግር መነሻ ሊሆን ይችላል። የድንበር ክርክር የሚያይ ሽማግሌም ሆነ ሹም ከመፍረዱ በፊት አፈሩን ያስፈትሽ።