ወገባችን ላይ ያለው ሽጉጥ በማን እጅ ነው?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከመስጂድ ሰው የሚጠበቅ አይመስል ይሆናል። ስለ ሽጉጥ ነው። የምናወራው ግን ስለ ወንበዴ አይደለም። ፈቃድ ያለው፣ ክፉ ያላሰበ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ሕዝብ መሃል ስለሚገባው ወንድማችን ነው።

በአንድ ጁሙዓ ሰዉ ከውስጥ ተርፎ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ዘግይቶ ስለደረሰ በመጨረሻው ሰፍ ቆመ። ሱጁድ ሲወርዱ ከፊቱ ያለው ሰው ጃኬት ወደ ላይ ተሰበሰበና የሽጉጡ እጀታ ብቅ አለ። አጠገቡ ስድስት ዓመት የማይሞላው ሕፃን ነበር። ሕፃን ያው ሕፃን ነው፤ እጁን ሰዶ እጀታውን ጨበጠ። ወንድማችን ሶላቱን አቋርጦ የልጁን እጅ ያዘ። ባለ ሽጉጡ ግን እስኪያሰላምት ድረስ ምንም አላወቀም። ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ።

እኛን ያስጨነቀን ይህ አለማወቁ ነው። የሕፃን እጅ ሳይሰማው ከደረሰ፣ የለመደ ነጣቂ እጅ ምን ያህል ይቀለው ነበር?

ብዙዎቻችን ሽጉጥ የታጠቀ ሰው አይደፈርም ብለን እናስባለን። በሜዳ ላይ፣ ርቀት ባለበት ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል። በመርካቶ ግፊያ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በሠርግ ድንኳን፣ በጀናዛ ላይ ግን ርቀት የሚባል ነገር የለም። ከኋላችን ያለው ሰው እጅ ለወገባችን ከራሳችን እጅ ይልቅ ይቀርባል። ጊዜውን የሚመርጠውም እሱ ነው። እኛ በአንድ እጃችን ፌስታል፣ በሌላው ስልክ ይዘን የቆምንበትን ደቂቃ ይጠብቃል። በዚያ ላይ ቀበቶ ሥር የተሻጠ ሽጉጥ የሚይዘው ነገር የለም፤ አንዴ ከተሳበ ወጣ ማለት ነው። ጥይት ጎርሶ ከሆነ ደግሞ በትግል መሃል ቃታውን የማን ጣት እንደሚስበው ማንም አያውቅም። ጥይቱም ባለቤቱንና አላፊ አግዳሚውን አይለይም።

የሠለጠነውም ሰው ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በአሜሪካ ኤፍቢአይ በሥራ ላይ ስለተገደሉ ፖሊሶች በሚያወጣው መዝገብ ውስጥ፣ በገዛ መሣሪያቸው የተገደሉ ተብለው ለብቻ የሚቆጠሩ አሉ። ፖሊሶቹ መሣሪያቸውን እንዳይነጠቁ ለብቻው ሥልጠና የሚወስዱትና ሽጉጡን ቆልፎ የሚይዝ ማህደር የሚታጠቁት ለዚህ ነው። ሥልጠናውም ማህደሩም የሌለን እኛ በምን ተማምነን ነው?

ዲናችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በመስጂድ ወይም በገበያ ፍላጻ ይዞ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ልብ እንበል፤ የተጠቀሱት ሁለት ቦታዎች መስጂድና ገበያ ናቸው፤ ሰው የሚጋፋባቸው። የተያዘውም በክፋት አይደለም፤ እንዲሁ ለሚያልፍ ሰው ነው ትዕዛዙ የተሰጠው።

ጃቢር ያስተላለፉትንም ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነቢዩ ከዘመቻ ሲመለሱ ሰይፋቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው ዐረፉ። ሲነቁ አንድ የገጠር ሰው ያንኑ ሰይፍ መዝዞ ከፊታቸው ቆሟል። አላህ ጠበቃቸው፤ እሳቸውም ሰውየውን ሳይቀጡ ተዉት። ያ ጥበቃ ለነቢዩ የተሰጠ ነው። እኛ የታዘዝነው መጠንቀቅን ነው። በሱረቱ ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ በፍርሃት ጊዜ ሶላት ላይ እንኳ ጠላት ከመሣሪያችን መዘናጋታችንን እንደሚመኝ ተነግሮናል። ግመልን ሳያስሩ ተወኩል የለም።

«መንገዱ አያስተማምንም፣ ገንዘብ ይዤ ነው የማድረው፣ ሽጉጤን ጥዬ እንዴት ልሂድ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ አንንቀውም። ግን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በተጨናነቀ ሕዝብ መሃል ያ ሽጉጥ የሚያድነን ከምንድን ነው? እዚያ ብንተኩስ የምንመታው ማንን ነው? ለሌሊት መንገድ የያዝነውን ለቀን ግፊያ ማምጣት ጥበቃ አይሆንም፤ ለነጣቂ ማቅረብ ነው። በመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱ የተሰጠው በስማችን ነው። ሽጉጡ በሌላ እጅ ነፍስ ካጠፋ፣ የሕግ ጥያቄው ቢያልፍ እንኳ የአላህ ጥያቄ አለ። መሣሪያ አማና ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህን ነው። ወደ ጁሙዓ፣ ወደ ሠርግ፣ ወደ ጀናዛ የምትሄድ ወንድም፣ ሽጉጥህን ቤትህ ቆልፈህ፣ ከልጆች እጅ አርቀህ ተው። ሥራህ የግድ የሚያስይዝህ ከሆነ የሚቆለፍ ማህደር ይኑርህ፤ በልብስ ሸፍነው፤ ለሰው አታሳይ። ውዱእ ስታደርግ ሽጉጥ ያለበትን ኮት ማንጠልጠያ ላይ አትተው። ሊነጥቅህ የሚታገል ሲያጋጥም ጮኸህ ሰው ጥራ። ከተነጠቅህ ደግሞ ኀፍረት ሳይዝህ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ አመልክት፤ የዘገየ እያንዳንዱ ሰዓት ለሌላ ሰው አደጋ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ጥበቃን ለተመደቡ ሰዎች ብቻ ሰጥተው ሌላው ጀማዓ ባዶ እጁን እንዲገባ ቢያደርጉ ኸይር ነው።

ያ ሕፃን ዛሬም አባቱን ተከትሎ ይመጣል። ሰፍ ስናስተካክል ባየነው ቁጥር አልሐምዱሊላህ እንላለን። ያን ቀን ምንም አልሆነም። ነገር ግን ያልሆነው እኛ ተጠንቅቀን አይደለም።

አላህ ከእጃችን ክፋትም፣ ከመዘናጋታችንም ክፋት ሰዎችን ይጠብቅ። ወላሁ አዕለም።