ሶፋው ለማን ነው?

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ከኳስም ከፖለቲካም የባሰ ክርክር ተነስቷል። ርዕሱ ሶፋ ነው። እናቴ በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሳታል፤ በዕቁቡ ደግሞ ሶፋ ሊገዛ ተወስኗል። ታላቅ ወንድሜ «የቆዳ ይሁን» ይላል። እኔ «የጨርቅ ይሁን» እላለሁ። እማዬ ሁለታችንንም እየሰማች ቡናዋን ትቆላለች። ውድ አንባቢያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሶፋ ምን አገባት?» ማለታችሁ አይቀርም። ትንሽ ታገሱኝና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እማዬ ዓመት ሙሉ ስትጥል የከረመችው ዕቁብ ደረሳትና 22 ሺህ ብር ይዛ ሶፋ ልትገዛ ስትወጣ አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ እጅግ ትሁት ሰው ነበር። አንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሶፋ ላይ አስቀመጠንና «እናቴ፣ ይሄ ሌዘር ነው። አቧራ አይዝም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። ለልጅ ልጅ ያወርሱታል» አላት። ሌዘር የሚለው ቃል በእማዬ ጆሮ ቆዳ ማለት ነው። በእኔም ጆሮ እንደዚያው። እሷም አንድ ጥያቄ ሳትጨምር ከፈለች።

ሶፋው ቤታችን ገብቶ ሁለት ዓመት እንደ ንጉሥ ኖረ። ዳንቴል ተሠርቶለት ለበሰ። እኛ ልጆች እንግዳ ካልመጣ እሱ ላይ መቀመጥ ክልክል ስለነበር ቴሌቪዥን የምናየው ዱካ ላይ ሆነን ነው። በሦስተኛው ዓመት የክንድ ማሳረፊያው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ታየች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። ከሥሩ ብቅ ያለው ደግሞ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው!

አንድ ቀን የማርያም ማኅበር የማውጣት ተራው የእማዬ ነበር። ማኅበርተኞቹ በልተው ጠጥተው መርቀው ሲነሱ፣ የአንዷ እናት ነጭ ነጠላ ከጀርባዋ በኩል ጥቁር ቅርፊት ተለጣጥፎበታል። ማንም ምንም አላለም። እማዬ ግን አይታለች። ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብርድ ልብስ አውጥታ ሶፋውን ሸፈነችውና «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያያዝ አላውቅበትም» አለች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ልጣጩ ሳይሆን ይህ ንግግሯ ነው። እሷ ምን አጠፋች? የተነገራትን አመነች እንጂ።

ዘንድሮ የሶፋው ወሬ እንደገና ሲነሳ ክፍል ውስጥ የምንማረው ትዝ አለኝ፤ «አንድ ሰው ስላለ እውነት አይሆንም፣ ሂዱና አጣሩ» እንባላለን አይደል? እኔም ሰፈራችን ውስጥ ሶፋ የሚሠሩና የሚያለብሱ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሌዘር ምንድን ነው?» አልኳቸው። ሳቁና ከወለሉ ላይ ሦስት ቁርጥራጭ አንስተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

አንደኛው እውነተኛ ቆዳ ነው። የከብት ቆዳ ፀጉሩ ተነስቶ፣ በፋብሪካ ለፍቶ፣ ቀለም የጠጣ። ስትገለብጡት ጀርባው ሻካራ፣ የሚቦጨቅ የሥጋ ጭረት የመሰለ ነገር አለው፤ ጨርቅ የለውም። ሁለተኛው የቆዳ ቁርጥራጭና ብናኝ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተጋግሮ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ የተቀባ ነው። «ቆዳ አለበት» ቢባል ውሸት አይደለም፤ ቆዳ ነው ቢባል ግን ውሸት ነው። ሦስተኛው ከቆዳ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጨርቅ ነው፤ ላዩ በፒቪሲ ወይም በፖሊዩሪቴን ተለብጦ የቆዳ መልክ የታተመበት። የእኛው ሶፋ ይኸኛው ነበር። ሦስቱም ገበያ ላይ «ሌዘር» ይባላሉ።

ፖሊዩሪቴን ሙቀት፣ ላብና የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ የሚያፈርሱት ነገር ነው። ተቀመጡበትም አልተቀመጡበትም ጊዜው ሲደርስ ይሰነጣጠቃል፣ ከጨርቁም ይለያያል። ስለዚህ ዳንቴሉ አላዳነውም፣ እኛም ዱካ ላይ መቀመጣችን አላዳነውም። አበው «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። እማዬም ራሷን የወቀሰችው በዚሁ ነው። የእኛ ሶፋ ግን የተቀደደው ካያያዝ ሳይሆን ካነጋገር ነው ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርመኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አገራችን ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በእንስሳት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ የምትባል ናት። ሞጆ ብትሄዱ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ገና ሳታዩ በሽታቸው ታውቋቸዋላችሁ። በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል ባለቀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ የተጣለው ቆዳው እዚሁ አልቆ እንዲወጣ ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ተጥሎ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቆዳውን ሜዳ ላይ ጥለን ሳሎናችን ውስጥ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ላይ እንቀመጣለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ አይደል?

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ የቆዳ ሶፋ የሚወደድበት ምክንያት አለው። አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ለማልበስ የአንድ ከብት ቆዳ አይበቃም፤ የበርካታ ከብቶች ይፈልጋል። በዚያ ላይ የእኛ ከብት ቆዳ በእሳት መተኮሻ፣ በእሾህ፣ በእከክና በገፋፊው ቢላዋ ስለሚበላሽ ሰፊና ንጹሕ ገጽ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዋጋው ከጨርቁ ጋር ተቀራራቢ የሆነ «የቆዳ ሶፋ» ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። የወንድሜ ሐሳብ ፍሬ የለውም አልልም። «ቡና የሚፈላው ሳሎን ነው፤ ከሰል ይፈናጠራል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ስኒ ይደፋል። ጨርቅ ይህን ሁሉ ይጠጣል። ውኃ ደግሞ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በምን ልታጥቢው ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ጥሩ ቆዳ የፈሰሰበትን ቶሎ ከጠረጉት አይዝም፣ የምግብ ሽታም እንደ ጨርቅ አይቋጥርም። ከፀሐይና ከምድጃ ካራቁት፣ እንዳይደርቅም ቅባቱን ካልነፈጉት እያረጀ ይበልጥ የሚያምር ዕቃ ነው። አቅሙ ያለው ሰው አውቆና አይቶ ቢገዛ አልቃወምም።

የእኛ አቅም ግን እዚያ አይደርስም። እኛ ፊት የቀረበው ምርጫ «ቆዳ ወይስ ጨርቅ?» የሚመስለን ቃሉ አታሎን ነው። በዕቁባችን ልክ ያለው ምርጫ ጨርቅ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ጨርቅ ነው። እንዲህ ተብሎ ሲቀመጥ መልሱ ለእኔ ቀላል ነው። ጨርቅ ጨርቅነቱን አይደብቅም። ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሲያረጅ ልብሱ ብቻ ይቀየራል። ያኛው ግን ቢቀቡት እንኳ ተመልሶ ይላጣል። በሐምሌ ጠዋት ሲቀመጡበት እንደ ብረት ይቀዘቅዛል፣ በሚያዝያ ቀትር ገላ ላይ ይጣበቃል።

ለውኃውም መላ አለው። የትራሶቹን ልብስ ዚፕ አስገብቶ ማሠራት፤ ጠቆር ያለና ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ መምረጥ፤ እሑድ እሑድ ትራሶቹን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍ። ረከቦቱንም ሁለት እርምጃ ራቅ ማድረግ የሚያቅተን አይመስለኝም።

ጋሼ የነገሩኝን ሌላ ነገር ደግሞ ላካፍላችሁ። እሳቸው እንደሚሉት ሰው ልብሱን ሲመርጥ ውሎ ሆዱን ሳያይ ይገዛል። የሶፋ ሆዱ ስፖንጁና እንጨቱ ነው። መቀመጫው ላይ የሚገባው ስፖንጅ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የሳሳው በአጭር ጊዜ ጎድጉዶ ይቀራል። እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይተፋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሶፋውን ገልብጡት። ከሥር ወይም ከዚፑ ውስጥ የልብሱን ጠርዝ ፈልጉ። ጀርባው ጨርቅ ከሆነ «ሌዘር» የተባለው ነገር ጨርቅ ነው። በጣት ጫን ስትሉት እውነተኛ ቆዳ ዙሪያውን ጥቃቅን ሽብሽብ ያወጣል፤ ነጥቦቹም እንደ ማኅተም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፊቱ ቆዳ፣ ጎኑና ጀርባው ፕላስቲክ የሆነም ስላለ አንድ ቦታ ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ሻጩ ካኮረፈ ያው መልስ ሰጥቷችኋል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ርዕሴ ስመጣ፣ ሶፋው ለማን ነው? ያን ጥቁር ሶፋ የገዛነው በዓመት ሦስት አራቴ ለሚመጣ እንግዳ ነበር። ለእንግዳ ብለን ራሳችንን ዱካ ላይ አስቀመጥን፤ በመጨረሻም ያዋረደን እንግዳ ፊት ነው። ቤት ውስጥ የሚውለው እኮ ሌላ ሰው ነው! ከጉሊት ደክማ የምትመጣው እናቴ ናት እግሯን መዘርጋት ያለባት። ለእሷ የሚመች ሶፋ ለእንግዳም ይመቻል።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ዘርዝሬ ነገርኳት። ቁርጥራጮቹንም ከጋሼ ተውሼ አምጥቼ ነበር። እማዬ ሦስተኛውን አንስታ ገለበጠችውና ነጩን ጨርቅ ብዙ ጊዜ አየችው። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ ብዬ ልመልስ ስል አፌ ተያዘ።

ቆዳ ይሁን ጨርቅ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የእሷ ነው፤ ብሩም ላቡም የእሷ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ። በሚቀጥለው ወር አብሬያት እሄዳለሁ። ሻጩ «ሌዘር ነው» ሲል እኔ ሶፋውን እገለብጣለሁ። ቸር እንሰንብት!