ሊቃውንቱ ወደ ሰፈር ይውረዱ

የአገራችንን ሥነ ጽሑፍ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በብራና የተጻፈውንና በማተሚያ ቤት የታተመውን ነው፤ ነገር ግን ከአበው የወረስነው ቅኔና ግጥም አብዛኛው በአፍ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ፣ በተነገረበት ሰፈርና ሰዓት ተገኝቶ ጆሮውን ያላዘነበለ ተመራማሪ የሀብቱን እኩሌታ እንኳ አገኘሁ ሊል አይችልም።

ለዚህ ነገር የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሆኑት ቂርቆስና ካዛንቺስ በቂ ምስክር ናቸው። ጥር 15 ቀን የሕፃኑ ሰማዕት የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ሲከበር፣ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽላቸውን ይዘው በማኅሌት በቆሙበት፣ ባለቅኔው ለዚያው ዕለት ያሰናዳውን ቅኔ ይዘርፋል፤ አዋቂው ሰሙን ከወርቁ እየለየ ያደንቃል፤ ቅኔው ግን አንድ ደቀ መዝሙር በቃሉ ካልያዘው በቀር በዚያው ያልፋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሹማምንትና ሠራተኞች መኖሪያ የተሠራው፣ ከነጻነት በኋላም የኛው ሰው ሰፈር የሆነው ካዛንቺስ ደግሞ በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ነበር። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ አንድ ሐረግ ሲሰጥ፣ አዝማሪው ከፈረስ ጭራ የተሠራውን የመሲንቆ አውታር መገዝገዙን ሳያቋርጥ፣ የተቀበለውን ቃል ቤት አስመትቶ፣ ሙገሳውንም ሽሙጡንም በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል። ያም ግጥም እንደ ማኅሌቱ ቅኔ ሁሉ ለዚያ ሌሊት ብቻ የተፈጠረ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲዛወሩ፣ በመላኩ በላይ መሪነት ስሙ በውጭ አገር ሳይቀር የተጠራው የአዝማሪ ቤት ፈንድቃም የቆየበትን ቤት ለቀቀ። ከተማ መታደሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ቤት ከመፍረሱ አስቀድሞ በውስጡ ሲነገር የኖረውን ቃል መዝግቦ ማስቀረት ይገባ ነበር።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በፊሊፒንስ ሰሜን የሚኖሩት ኢሎካኖዎች ላም አንግ ስለሚባለው ጀግና ሲተረክ የኖረውን ረጅም ግጥም፣ በቪጋን ከተማ ከተወለደችው ባለቅኔ ከሌዎና ፍሎሬንቲኖ ሥራዎች ጋር ለትውልድ ያቆዩት፣ ልጇ ኢሳቤሎ ደ ሎስ ሬየስ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የአገሩን ሥነ ቃል ሰብስቦ በማሳተሙ ነው። እኛም ብንሆን ከ1965 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ የሚገኙ፣ ወደ 9,000 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያስቀረን ሕዝብ ነን፤ ለብራናው የተደረገው ትጋት ለድምፁ የማይደረግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ቂርቆስና ወደ ሌሎቹም ሰፈሮች ይውረዱ፤ ከካዛንቺስ የተነሡትን አዛውንት በሄዱበት ተከትለው ይጠይቁ። የየደብሩ አለቆች በየበዓሉ የሚዘረፈውን ቅኔ ከባለቅኔው ስም፣ ከዕለቱና ከዓመተ ምሕረቱ ጋር በመዝገብ ያስፍሩ። አዝማሪዎችም ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ የድካማቸው ዋጋ ተከፍሏቸው ድምፃቸው ይቀረጽ፤ ስማቸውም አይሠወር። የተሰበሰበውም ሁሉ በ1936 ዓ.ም. በተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ ተቀምጦ ለማንኛውም አንባቢና አድማጭ ክፍት ይሁን። ባለቅኔውና አዝማሪው እድሜ እየገፉ የሚሄዱ ሰዎች ናቸውና፣ ይህን ሥራ በሚመጣው ዓመት በጀት ማሳበብ ከነሱ ጋር የሚያልፈውን ቃል ዐውቆ መተው ነው።