ቁልፉን የተረከበው ማን ነው?

የመቂን ከተማ መሐል ለመሐል በሚሰነጥቀው አሮጌው የሐዋሳ መንገድ ዳር ጋራዥ፣ ጎሚስታና ላቫጆ ተጎራብተው ይውላሉ። ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልሱ አይሱዙዎች ይቆማሉ፤ ሕዝቡ አንድ ሰሞን «አልቃይዳ» ያላቸው። ከእነሱ አንዷን እንውሰድ። ባለቤቷ የፍሬን ሸራ ሊያስቀይር ጠዋት ያስገባታል፤ ቁልፉን ሰጥቶ ቁርስ ፍለጋ ይሄዳል። መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ «እስቲ ልሞክራት» ብሎ አስፋልት ይወጣል። ከፊቱ የገባበትን ጋሪ ሲሸሽ የቆመ ባጃጅ ይገጫል። የባጃጁ ጎን ገባ፤ የአይሱዙዋ ፓራውልትና የፊት መብራት ረገፈ። ነገሩን ለምሳሌ ያህል ያሰብኩት ነው፤ እንዲህ ያለውን ያላየ የዚያ መንገድ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ባለመኪናው «እንደሰጠሁህ መልስልኝ» ይላል። ከዚህ በላይ ክርክር አያስፈልገውም፤ መኪናዋ የገባችው ልትጠገን እንጂ ልትጋጭ አይደለም። የጋራዡ ባለቤትም ዝም አይልም። «ፍሬኗ አልያዘም ብለህ አምጥተሃል። ሳልሞክር አስረክቤህ ሞጆ መንገድ ላይ ብትገለበጥስ?» ይህም ባዶ ቃል አይደለም፤ ሳይሞክር የሚያስረክብ መካኒክ ከሁሉም የባሰ ነው። ግን የሥራው ግዴታ በሆነው ሙከራ መኪናዋ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ሌላ ሰው ይክፈል የሚል ሕግ የለም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2130 ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን በሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ለደንበኛው ደግሞ ከዚያም በፊት ውሉ አለ። መካኒኩ ለሙከራ ሳይሆን ጫት ሊገዛ ወጥቶ ቢሆንስ? ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ባለመኪናው ቁልፉን የሰጠው ለጋራዡ ነው። ባለመኪናው አንድ ብልሽት ደብቆ ከሆነና አደጋው ከዚያ ከመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው እንደሚቀነስ አንቀጽ 2098 ይናገራል።

ግድግዳ ላይ «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ የለጠፈ ጋራዥስ? አንቀጽ 1887 ተዋዋዮች «ጥፋት ካልፈጸምኩ አልጠየቅም» ብለው እንዲስማሙ ይፈቅዳል። ጥፋት ሠርቶም ከለላ የሚሆን ወረቀት ግን እኔ አላውቅም።

በጣም የሚከብደው የባጃጁ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤትን፣ እንዲነዳ ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ሳለችም ቢሆን፣ ላደረሰችው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ነጻ የሚወጣው መኪናዋ መሰረቋን ካስረዳ ነው። ቁርሱን ሲበላ የነበረው ሰው ለዚያ ባጃጅ ሊከሰስ ነው ማለት ነው! ሲሰሙት ግፍ ይመስላል። ባጃጅ ነጂው ግን መኪናዋን ማን ይዟት እንደነበረ የመመርመር ዕዳ የለበትም፤ የሚያየው ታርጋዋን ነው። ደግሞም አንቀጽ 2082 ለጥቅሙ ብሎ መኪናዋን የተረከበውን ሰው አብሮ ይጠይቀዋል። በአዋጅ 799/2005 የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ለባጃጁ ይደርስለታል፤ ለአይሱዙዋ ፓራውልት ግን አንድ ሳንቲም አይወጣውም። ሙሉ መድን ያለው ባለመኪና ከመድን ድርጅቱ ይከፈለዋል፤ ድርጅቱም በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት በእሱ ቦታ ተተክቶ ወደ ጋራዡ ይዞራል።

መካኒኩን አንርሳው። ብዙ ጊዜ ዕዳው የሚወርደው በእሱ ደመወዝ ላይ ነው፤ የሠራተኛው ድካም ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ደመወዝ እንዳይቆረጥ፣ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ አጥሯል።

በጋራዡ በኩል የምቆመው እዚህ ላይ ነው፦ ባለአይሱዙው «መኪናዬ ለ15 ቀን ቆማለች፤ የየቀኑን ጭነት ክፈለኝ» ሲል። በሽንኩርት ወቅት የሚቀር ገቢ ቀላል አይደለም። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1799 በውል ጥሰት የሚከፈለውን ካሳ በተለመደው ጉዳት ይወስነዋል፤ አንቀጽ 1801 ከዚያ በላይ የሚፈቅደው፣ ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታው ለሌላው ወገን ተነግሮት ከሆነ፣ ወይም ጥሰቱ ሆን ተብሎ ለመጉዳት ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተፈጸመ ከሆነ ነው። ሰምቶ የወሰደው አደጋ ካልሆነ ትንሽ ጋራዥን በአንድ ግጭት ማፍረስ ፍትሕ አይመስለኝም።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ጠብ ፍርድ ቤት አይደርስም፤ በጃርሱማ፣ ማለትም በሽማግሌዎች እርቅ፣ ያልቃል። ሽማግሌዎቹ ጋራዡ ቦዲውን ሠርቶ የጉልበት ዋጋ እንዲተው፣ ባለመኪናውም የቆመበትን እንዲምር ያግባባሉ። ሕጉም በአንቀጽ 3312 እርቅን በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ያከብረዋል፤ በጽሑፍ ያኑሩት እንጂ። እርቁ ካልሆነ ከውል ውጭ በሆነው ጉዳት የባጃጁ ባለቤት ይርጋ 2 ዓመት ነው።

እንግዲህ ነገ ጋራዥ የምትገባ አንባቢ ሆይ፣ ማን እንደሚሞክራት ጠይቅ፤ መንጃ ፈቃዱንም እይ። ዓርብ ሽንኩርት የምትጭን ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ከመስጠትህ በፊት መረከቢያው ወረቀት ላይ አስጽፈው።